ለወንድሜ እግር የሚመች ፊን

የመጨረሻው ተራ ቀን ዓርብ ነበር። ተራ የምለው አሁን ነው። ያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ጥርጣሬ ይዞኝ ነበር። ብቻ የጠረጠርኩት ሌላ ነገር ነው። የጠረጠርኩት ፊኑን ነው።

ፊን ጠላቂ ዋናተኞች እግራቸው ላይ የሚያጠልቁት፣ ከጣት ወዲያ እንደ ዳክዬ እግር እየሰፋ የሚሄድ የጎማ መቅዘፊያ ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ ይህን ዕቃ አጥልቆ የሚያውቅ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም ያወቅሁት በወንድሜ ምክንያት ነው።

ወንድሜ ታላቄ ነው። ነበር ማለት ገና አልለመድኩም። አባታችን ከሞተ በኋላ እኔን አስራ ሁለተኛ ክፍል ያስጨረሰኝ እሱ ነው። አባያ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ የሙዝ እርሻ ውስጥ የውሃ ፓምፕ ይጠግን ነበር። ፓምፑ ውሃ የሚስበው ሐይቁ ውስጥ በተዘረጋ ወፍራም ቱቦ ነው። የቱቦውን አፍ አረም ይዘጋዋል። ድሮ አንድ ሠራተኛ ትንፋሹን ይዞ ገብቶ በእጁ ይነቅለው ነበር። በኋላ አረሙ በዛ፤ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ አልሆነም። የእርሻው ባለቤት የመተንፈሻ ሲሊንደርና መነጽር አስመጡ፣ በጡረታ የተገለሉ የባሕር ኃይል ጠላቂ ፈልገው አገኙ፣ ወንድሜንም ተማር አሉት።

የተማረው ሆቴል ገንዳ ውስጥ ነው። ገንዳው ሰማያዊ ነው፤ ታቹ ይታያል። አባያ ግን ቀይ ነው። እጅህን ክንድህ ድረስ ብትነክረው ጣትህ አይታይህም። ደግሞ አዞ አለ። እሱ የቱቦው አፍ ዙሪያውን በሽቦ የታጠረ ነው ይለኝ ነበር፤ አሰልጣኙም በገመድ ይዘውት ዳር ይቆማሉ።

"አዞው አጥር መሆኑን ያውቃል?" እለዋለሁ።

"ለእሱም ስልጠና ተሰጥቶታል" ይለኛል።

ሐይቁ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊገባ የነበረው ቅዳሜ ነው። ዓርብ ዕለት ፊን ልንገዛ ሲቀላ ገበያ ወረድን።

እስከዚያ ድረስ የሚጠቀመው አሰልጣኙ ባዋሱት ፊን ነበር። ረጅምና ደረቅ ነው። ከገንዳ በመጣ ቁጥር ተረከዙ ተልጦ፣ ባቱ ተኮማትሮ ይመጣል። አልጋው ላይ ይንጋለልና እግሩን ዘርግቶ "ጣቴን ወደ ራሴ ሳብልኝ" ይለኛል፤ እስኪለቀው ድረስ እስብለታለሁ። አሰልጣኙ ይህን ሲሰሙ ተቆጡት አሉ። የእሳቸው ፊን ዕድሜ ልኩን ለጠለቀ ሰው እንጂ ለጀማሪ አይሆንም፤ ሐይቅ ውስጥ ባቱ የተኮማተረ ሰው ደግሞ የሚይዘው የገንዳ ጠርዝ የለውም። የራስህን ፈልግ አሉት። እንዴት እንደሚመርጥም ነገሩት። ጣቶቹ ውስጥ እንደልብ ይንቀሳቀሱ፣ ተረከዙ ግን አይነሳ። የፊኑ ምላስ፣ ሰፊው ጫፉ፣ በእጅ ሲታጠፍ እሺ ይበል። እግር ላይ ወዲያው ተመቸ ተብሎ አይገዛ፤ ትንሽ ይቆይ፣ ያኔ የሚቆነጥጠው ቦታ ራሱ ይናገራል።

እኔ ይህን ሁሉ በቃሌ ያዝኩት። እሱ ሊረሳው ይችላል ብዬ ነው።

ሲቀላ ውስጥ በቦንዳ የሚመጣ አሮጌ ልብስና ጫማ የሚሸጡ ነጋዴ አሉ። አንዴ የጫማ ቦንዳ ሲፈቱ መሃሉ ላይ ፊኖች አግኝተው በር ላይ ሰቅለዋቸው ነበር። የሚያልፍ ሁሉ ይስቅባቸዋል።

"ጋሼ፣ እነዚያን የዳክዬዎቹን ያውርዱልን" አለ ወንድሜ።

ነጋዴው ከሳጥናቸው ላይ ተነሱ። "ባለቤታቸው መጣ በለኛ! ሰው ፎቶ ሲነሳባቸው ነው የከረመው እኮ።"

እኔ ወዲያው አላመንኳቸውም። ፈላጊ ያጣ ዕቃ ፈላጊ ሲመጣለት የነጋዴ ፊት እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። እንደዚያ ሆነው ነበር።

ሦስት ጥንድ ነው ያላቸው። መጀመሪያ ያወረዱት ጥቁርና ረጅም ነው። ተቀበልኳቸውና ጫፉን ይዤ አጠፍኩት። አልታጠፍም አለ።

"እንዲህ ነው ጠንካራ ዕቃ!" አሉ ነጋዴው። "የዛሬ ልጆች ጠንካራ ነገር አትወዱም።"

"ጠንካራው ለለመደ ሰው ነው፣ ጋሼ" አለ ወንድሜ። "እኔን ባቴን ይበላኛል።"

ሁለተኛው ተረከዝ የለውም፤ ከኋላ በጎማ ቀበቶ ነው የሚታሰረው። ቀበቶውን ወደ ብርሃን ይዤ ለጠጥኩት። ሲለጠጥ ጥቃቅን ስንጥቆች ታዩ። አሳየኋቸው።

"ይህ እኮ ለተወሰነ ጊዜ ያገለግላል" አሉ።

"የተወሰነው ጊዜ የሚያልቀው ሐይቁ መሃል ቢሆንስ?" አልኳቸው።

ወደ ወንድሜ ዞሩ። "ይኼ ማነው? ፖሊስ ይዘህ ነው እንዴ የምትገበየው?"

"ታናሼ ነው። መርማሪ ነው የምንለው። ሲወለድ አዋላጇን መታወቂያ ጠይቋታል።"

በር ላይ ባጃጅ አቁሞ የሚያየን ልጅ በሳቅ ፈነዳ። እኔ አልሳቅሁም።

ሦስተኛው ሰማያዊ ነው። አጠር ያለ፣ ተረከዙ እንደ ሸራ ጫማ የተዘጋ፣ ጣት በኩል ክፍት። ሳጥፈው ታጠፈ፤ ስለቀው ተመለሰ። በልቤ ይህ ነው አልኩ። በልቤ ደግሞ ለምንድነው ይህን በመጨረሻ ያወረዱት አልኩ።

ወንድሜ ጫማውን አወለቀ፣ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፣ እግሩን ሊያስገባ ሞከረ። ጎማው ደረቅ እግር ላይ ተጣብቆ አልገባም አለ። ውሃ ቢገኝ እግሬን ባርሰው ይገባ ነበር አለ። ነጋዴው እጃቸውን አወናጨፉ።

"ውሃ የለም! ውሃ እንዳይነካው! ስማ ወንድሜ፣ ካልተመቸህ ሰኞ አምጣው፣ በሌላ ዕቃ እቀይርልሃለሁ። ውሃ የነካውን ግን ዞር ብዬም አላየው።"

"ውሃ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ውሃ ሳይነካው እንዴት ይሞከራል?" አልኩ።

"በፓውደር!" አሉ፤ ከመደርደሪያ ላይ የሕፃን ፓውደር አነሱ። ጎማ ሙቀት ላይ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ሁልጊዜ የሚነሰንሱት እሱን ነው። አልሳሱም። ሁለቱም ፊኖች ውስጥ አራገፉት። ነጭ ጉም ወጣ፤ ሱቁ በሙሉ ሕፃን ሕፃን ሸተተ።

"ኧረ ዳይፐሩንም አልብሱት!" አለ ባጃጁ ላይ ያለው።

"ላንተ ልክ የሚሆን የለም፣ ዝም በል" አሉት ነጋዴው።

የወንድሜ እግር ሸርተት ብሎ ገባ። ተነሥቶ ቆመ። ፊን አጥልቆ ወደ ፊት መሄድ አይቻልም፤ ምላሱ መሬት ይይዛል። የሚኬደው ወደ ኋላ ነው። ሱቁ ውስጥ ከተንጠለጠሉት ኮቶች መሃል ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ ተቀምጦ እግሮቹን አየር ላይ ቀጥ አድርጎ አወራጫቸው። "ተረከዜን ያዝ" አለኝ። ተንበርክኬ ያዝኩ። አልተነሳም። "ጣቶችህስ?" አልኩት። አንቀሳቀሳቸው፤ በክፍቱ በኩል ታዩኝ።

ወንድሜ የግራ እግሩ ሁለተኛ ጣት አውራ ጣቱ ላይ ወጥቶ ነው የሚተኛው። ልጅ ሆኖ ኳስ ሲጫወት ተሰብሮ ሳይታሽ ቀርቶ ነው። የአሰልጣኙ ፊን ከሁሉ የሚቆነጥጠው እዚያች ጋ ነበር። እዚህኛው ላይ እስክትናገር ጠበቅን። ነጋዴው ሌላ ሰው አስተናገዱ፤ እኛ ጣት እየጠበቅን ተቀመጥን። ጣቷ አልተናገረችም።

ፊኑን ሲያወልቅ ውስጡን አየሁት። ፓውደሩ ላይ እግሩ ታትሞ ቀርቷል። በግራው ውስጥ አውራ ጣቱ ያረፈበት ቦታ ላይ ሌላ ቀጭን መስመር ተጋድሞበታል። የዚያች ጣት መሆኗ ነው።

አሁንም ግን አልረካሁም። ሁለቱን ጎን ለጎን አጠፍኳቸው። የግራው ከቀኙ የለሰለሰ መሰለኝ።

"ጥንድ አይመስሉኝም" አልኩ።

"ያንተስ እግሮች ጥንድ ናቸው?" አለ ወንድሜ። "ተወዳድረው አያውቁም እንጂ እነሱም ይለያያሉ። በቃ፣ መርማሪ። ተመችቶኛል።"

ገዛነው። ሁለቱን ፌስታል ውስጥ አስገብቼ አፉን ቋጠርኩ። ማታ ቤት ሞክሮት ካልተመቸው ሰኞ ሲመልሰው ሰውዬው ሰበብ እንዳያገኙ ብዬ ነው። ማንም እንዲነካው አልፈለግሁም።

ማታ እናታችን አሳየኝ አለችው። እናቴ የተወለደችው ገረሴ ነው፤ ሐይቁን ከደጋ ላይ ሆና እያየች ነው ያደገችው። ከላይ ሲታይ ያምራል ትላለች። ወርዶ ከሚነካው ሰው ጋር ግን አትስማማም። ከእኛ ጋር የምታወራው በጋሞኛ ነው፤ አማርኛዋ ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ነው። እዚህ የምጽፈው እኔ እንደተረጎምኩት ነው።

ወንድሜ ፌስታሉን ፈትቶ ፊኖቹን አጠለቀና በእሷ ፊት ከበሩ እስከ አልጋው ወደ ኋላ ሄደ። ለእራት ከበቆሎ ዱቄትና ከሽፈራው ቅጠል የሠራችውን የኩርኩፋ ድስት በፊኑ ምላስ ሊገለብጠው ነበር።

"ሰው ወደ ኋላ እየሄደ ነው ውሃ የሚገባው?" አለች።

"አዎ እማ።"

"አዞው ከኋላህ ቢሆንስ?"

"ግራ ይገባውና ይኼ እየመጣ ነው እየሄደ ነው ሲል እኔ አመልጣለሁ።"

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቋረጠች። አጠገቧ አስቀመጠችው፤ ፊኑን በጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። በዚህ ቶሎ ይኬዳል ወይ ብላ ጠየቀችው። በባዶ እግር ከሚዋኝ ሰው በጣም ይፈጥናል አላት።

"እንግዲህ አልቀርም ካልክ" አለች፣ "እነዚህን ሳታደርግ ውሃው ውስጥ እንዳትገባ። ለመሸሽ እንኳ ይሁኑህ። በባዶ እግርህ እንዳትገባብኝ።"

"እማ ሙች፣ እነዚህን ሳላጠልቅ ጣቴን አልነክርም። ትንሹ ይመስክር።"

ትንሹ እኔ ነኝ። እመሰክራለሁ አልኩ።

አውልቆ ሰጠኝ። መልሼ ፌስታል ውስጥ ከተትኳቸው፤ ቋጠርኩ፤ ፌስታሉን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አደረግሁት። ግራው ለስላሳ ነው የሚለው ነገር አልወጣልኝም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የእርሻው ባልደረባው በሞተር ሊወስደው መጣ። ወንድሜ ከኋላ ተፈናጠጠ፤ ከረጢቱ ከወንበሩ ጀርባ ታሰረ። "መርማሪ፣ ማታ ሪፖርት ይቀርብልሃል" ብሎኝ ሄደ። እኔም ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ሴቻ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው።

ከምሳ በፊት ደወልኩለት። ስልኩ ዝግ ነው። ውሃ ውስጥ ስልክ አይያዝም አልኩ። ከምሳ በኋላም ዝግ ነው። ያኔ የእናቴ ወንድምና ሁለት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሱቁ በር ላይ ቆሙ። ሦስት ሆነው ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ እንዳልመጡ አወቅሁ።

"ወንድምህ ትንሽ ወድቋል" አለ አጎቴ።

"የት?"

"መንገድ ላይ" አለ አጎቴ። "እርሻው ጋ" አለ በዚያው ቅጽበት አንደኛው ሽማግሌ። ተያዩ።

"ትንሽ ከሆነ ልየው።"

"አሁን ሰው አያስገቡም።"

"ከምኑ ላይ ነው የወደቀው?"

አጎቴ ኮፍያውን አወለቀ። አጎቴ ኮፍያውን የሚያወልቀው ሲጸለይ ብቻ ነው።

"ሞቷል?" አልኩ።

ከዚያ ነገሩኝ። እርሻው በር ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው በሬ መንገዱ ላይ ገባባቸው፤ ሞተሩ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ፤ ወንድሜ በጭንቅላቱ የቦይ ድልድይ ላይ ወደቀ። ባልደረባው ሆስፒታል ነው፤ አይናገርም። ላየው አልኩ። ፊቱ ተጎድቷል፣ እንደነበረ አስታውሰው አሉኝ።

እንዲህ ነው የነገሩኝ። እኔ ግን መንገድ ላይና እርሻው ጋ የተባሉት ሁለት ቃላት ጆሮዬ ውስጥ ቀሩ። የጎረቤት ሱቅ ልጅ መጥታ "አዞ ነው አሉ፣ እውነት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። እሷ ከማን ሰማች? ቅዳሜ ሐይቅ እንደሚገባ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሰው ያልሰማውን በሚያውቀው ነው የሚሞላው። ወይም ደግሞ እውነቱን ሰምቷል። ሁለቱንም አሰብኩ።

ለእናቴ ያን ቀን አልተነገራትም። በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፋት ሰው አጠገቧ ሆኖ። እስከዚያ ድረስ ልጅሽ ትንሽ ቆስሏል፣ ሆስፒታል ያድራል ተባለች። ቀለል አድርገው ነገሯት፤ እግሩ ነው አሏት። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ነበር። እግሩ ነው ብዬ አላልኩም። አይደለምም አላልኩም። ለነገ የሚበላውን ብላ ሾርባ ልትሠራለት አሳ ጠየቀች።

እሑድ ሲነጋጋ መጡ። ግቢው ሞላ። እናቴ በሩን ከፍታ ስታያቸው ሳይነግሯት አወቀች። እንዴት እንደጮኸች አልጽፍም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ነው የምጽፈው። ጩኸቷ መሃል ላይ ቆመ። ተነሥታ ተቀመጠች። አጎቴን ጠራችው።

"በምን ሞተ?"

"በሞተር። መንገድ ላይ ወድቆ።"

"ትናንት እግሩን ቆስሏል ብለኸኝ ነበር።"

"እንድትተኚ ብዬ ነው፣ እቴ።"

"የትናንቱ ሐሰት ከሆነ የዛሬው በምን እውነት ይሆናል?"

እናቴ ሳጥኑ ይከፈትልኝ አለች። ሬሳው ከሆስፒታል መጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ነበር። አይከፈትም፣ አይሆንም፣ ፊቱ ተጎድቷል አሏት። እጁንስ? አይሆንም። እግሩንስ? አንደኛው ሽማግሌ እህቴ፣ በእምነት ተቀበዪው አሏት።

"እንግዲህ ሐይቁ ነው" አለች። "አዞው የሚታይ ነገር አላስተረፈለትም። ባዶ ሳጥን ልታስቀብሩኝ ነው።"

ሴቶቹ ኧረ አይደለም፣ ኧረ በፈጣሪ እያሉ አለቀሱ። ሲያለቅሱ ደግሞ የበለጠ አላመነቻቸውም። ነጠላዋን አነሣች።

"ያላየሁትን አልቀብርም። ልጄ አባያ ውስጥ ካለ እኔም እዚያው ዳር ነው የምቀመጠው። እናንተ ሳጥናችሁን ቅበሩ።"

ሁለት ሴቶች ያዟት። ካልያዟት እንደምትሄድ ሁላችንም አወቅን። ቀብሩ ከቀትር በኋላ ነበር። እናት የሌለችበት ቀብር። እናት ደግሞ ሐይቅ ዳር ብቻዋን።

እኔን ዓይን ዓይኔን አየችኝ። "አንተ ታውቃለህ?" አለችኝ።

አላውቅም ነበር። ያ ነው የከበደኝ። በልጅነቴ ሁሉ ሁሉንም ሰው ስጠረጥር እሷና እሱ ይስቁብኝ ነበር። አሁን ልትሰማ የምትፈልገው የእኔን ቃል ነው፤ እኔ ደግሞ የማቀርበው ቃል አልነበረኝም። እኔም ያየሁት ሳጥን ነው።

ወጣሁ። ከረጢቱን አሰብኩ። አጎቴን የት ነው አልኩት። የምን ከረጢት አለኝ። ፊኑ ያለበት አልኩት። ከጎረቤት ቤት፣ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ አስቀምጠነዋል አለኝ። ለምን ደበቃችሁት? አልደበቅነውም፣ እናትህ እንዳታየው ብለን ነው።

ሄድኩ። በርሜሉን ገፋ አድርጌ ከረጢቱን ሳብኩት። እርጥብ ነበር።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ገብቷል ማለት ነው አልኩ። አዞ ነው ማለት ነው። አጎቴ ከኋላዬ ደርሶ "ደም ነክቶት ነበር፣ ሴቶቹ ናቸው ከላይ ያጠቡት" አለኝ። ደም ለምን ታጠበ? ማን አጠበው? ትናንት በዚያ አንደበቱ እግሩ ነው ሲላት ሰምቼዋለሁ። አላመንኩትም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የዚያን ሰዓት አጎቴን እንደ ጠላት ነው ያየሁት።

ከረጢቱን ፈታሁ። ፌስታሉ እንዳለ ነው። ቋጠሮው ጠብቋል። በጥርሴ ቀደድኩት።

መጀመሪያ አሸተትኩ። አባያ የሚሸት ውሃ ነው፤ ጭቃና አሳ ይሸታል። ፊኑ የሚሸተው ጎማና ሕፃን ነው። እጄን ወደ ቀኙ ውስጥ ሰደድኩ። ሳወጣው ነጭ ነበር። እጄን አየሁት። ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ፤ ፓውደር ማንም ይነሰንሳል አልኩ። ሰውን ለማጽናናት ሐሰት የሚናገር ሰው ፓውደር አይነሰንስም? ግራውን አነሣሁ። አልነካሁትም። ወደ ፀሐዩ አዘንብዬ በተረከዙ በኩል ወደ ውስጥ አየሁ። እግሩ አለ። በሱቅና በቤት ሁለት ጊዜ ያጠለቀው እግር፣ ትንሽ ተደባልቆ፤ አውራ ጣቱ፣ ከላዩ ደግሞ የተጋደመችው ቀጭን መስመር። ይህችን ማንም አይሠራትም። እንዳለች የሚያውቅም የለም።

ሁለቱን አቅፌ ገባሁ። ሴቶቹ አሁን ይህን ምን ያደርግላታል ብለው በሩ ላይ ሊያግዱኝ ሞከሩ። አለፍኩ። እናቴ ፊት ተንበረከክሁ።

"እማ፣ እነዚህን ሳላጠልቅ ጣቴን አልነክርም ብሎሻል። እኔ ምስክር ነኝ። እጅሽን አስገቢ።"

ግራውን አየት አድርጋ እጇን አስገባች። ቀስ ብላ። እስከ ጣቱ ድረስ እስክትደርስ አየኋት። እዚያ ቆየች። መስመሯን አገኘቻት መሰለኝ፤ አልጠየቅኋትም። እጇን አወጣች፤ መዳፏ እንደ ዱቄት ነጭ ሆኗል። በሌላው እጇ ጣት ዳሰሰችው።

"ደረቅ ነው" አለች።

"ደረቅ ነው።"

"ያኛውስ?"

ያኛውንም ሰጠኋት። እጇን አስገብታ እሱንም ፈተሸችው። ያኔ ነው ጥርጣሬዬን ከማን እንዳገኘሁት የገባኝ።

ከዚያ አልቅሳ አታውቅም እንዴ እስክል ድረስ አለቀሰች፤ ግን ይህኛው ልቅሶ መቀመጫ ያለው ልቅሶ ነው። ሴቶቹ ለቀቋት። የምትሄድበት አልነበራትም። አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጠርታው ኮፍያውን አውልቆ ራሱን እጇ ላይ እንዲያሳርፍ አደረገችው፤ ጥቁር ፀጉሩ ላይ ነጭ ቀረ።

"ቀብሩ ላይ እቆማለሁ" አለችው።

ውጭ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ የደጋ ዘመዶቻችን ደርሰው ነበር። በእነሱ ልማድ የሟች ዕቃ ተይዞ ይለቀሳል። አንዱ የሥራ ጃኬቱን ከፍ አድርጎ ይዟል፤ ሌላው የፓምፕ መፍቻውን። ሽማግሌዎቹ ይህን አይወዱም፤ ግን አልከለከሉም። እናቴ በመስኮት አየቻቸው።

"እነዚህንም ይዘህ ውጣ" አለችኝ። "ሐይቅ በላው የሚለው ሁሉ ይይ።"

ፊኖቹን በተረከዛቸው ይዤ ወጣሁ። መሃል ላይ ቆምኩ። አንድ ልጅ ሳቅ አመለጠው፤ አልተቆጣሁትም። ምላሳቸው ወደ ላይ ሆኖ ከራሴ በላይ አነሣኋቸው። ፓውደሩ በእጅጌዬ ላይ፣ በፊቴ ላይ ረገፈ። ከኋላ ሆነው አዞ አዞ ሲሉ የነበሩትን ፈልጌ አየኋቸው።

"ውሃ አልነካቸውም" አልኩ።

ድምፄ የወጣ አልመሰለኝም። ደግሜ አልኩት።